ግዝት እስከ ደቡብ ዋልታ

አረጋሽ ልጇ ስጦታ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደች ብላ ለደባርቅ ሰው ሁሉ ተናግራለች። ምን ትምህርት ሲሏት «የበረዶ» ትላለች። የበረዶ ትምህርት ደግሞ ምን የሚሉት ነው ብሎ የደገመ ካለ፣ «አንተ የማታውቀው ነው፤ ብታውቀውማ እዚህ ቆመህ ሰው ስትጠይቅ አትውልም ነበር» ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ብቻዋን ያቆመች፣ ጌሾ ነግዳ ልጅ ያሳደገች፣ ለልቅሶ ቤት እንኳ የሰው እንስራ ተውሳ የማታውቅ ሴት ናት። ማን ደፍሮ ሁለቴ ይጠይቃታል?

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስጦታ የሄደችው ገበቴ ልትጎትት ነው።

ገበቴ ያለችው አረጋሽ ናት እንጂ ዕቃው ሌላ ስም አለው። ርዝመቱ ሰው የሚያህል፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ፣ እግርም ጎማም የሌለው፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ነገር ነው። ድንኳኑ፣ ስንቁ፣ ምድጃው፣ ነዳጁ ሁሉ እሱ ላይ ይጫናል። ጎታቿ ወገቧን በጠፍር ትታሰርና፣ ስኪ የሚሉትን ረጃጅም ጣውላ ከእግሯ ሥር አድርጋ፣ በሁለት እጇ ዘንግ ይዛ ትስበዋለች። ዛፍ፣ ወፍ፣ ጎጆ በሌለበት ነጭ ሜዳ፣ ከባሕሩ ዳር ተነሥታ የምድር ጫፍ እስከሚባለው ደቡብ ዋልታ ድረስ። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ስድስት ሴቶች ናቸው። መሪያቸው ከኖርዌይ የመጣች ሴት ናት፤ ስሟ ለአረጋሽ አፍ ስላልመቸ «ረጅሟ» ብላ ተገላገለች።

ረጅሟ ስጦታን ያገኘቻት ከደባርቅ ወዲያ፣ ተራራው ላይ ባለው ሳንቃ በር ነው። ስጦታ ያኔ ተራራ ለሚወጡ ፈረንጆች ምግብ ታበስል ነበር። አንድ ቀን የጭነት በቅሎዋ አንክሳ መንገድ ላይ ብትቀር፣ ድስቱንም ምድጃውንም ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሳትቀመጥ ዳገቱን ጨረሰችው። ረጅሟ ከኋላ ሆና አይታታለች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቪዛ፣ ከዚያ አንዱ አገር ልምምድ፣ ሌላው አገር ልምምድ። ስጦታም በእረፍቷ ሳንቃ በር እየወጣች የጭነት መኪና ጎማ ወገቧ ላይ አስራ በአቧራው መንገድ ስትጎትት ትውል ጀመር።

ይኸን ወሬ ያመጣው የአረጋሽ ባል ታናሽ ወንድም ላቀው ነው። ላቀው በቅሎ ጫኝ ነው፤ ውሎውም አዳሩም እዚያው ተራራ ላይ ነው። «እትዬ፣ ልጅሽን ጎማ ስትጎትት አየኋት። ዝንጀሮው ሁሉ ቆሞ ያያታል» አላት። «ውሸታም! የኔ ልጅ በሬ ናት?» ብላ ከቤት አስወጣችው።

ምን ታድርግ? መሸከም የሰው ነው። እንጨት መሸከም፣ ውሃ መሸከም፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ታቦት መሸከም፤ ሁሉም በክብሩ ነው። መጎተት ግን የበሬ ነው። አረጋሽ ልጇን ጠመደቻት ተብሎ በደባርቅ ገበያ ሲወራ ከምትሰማ ምድር ብትውጣት ይሻላታል። ስለዚህ ትምህርት አለች።

ለንስሐ አባታቸው ለአባ መልከ ጼዴቅም ያንኑ ነገረቻቸው። ልጅቱ ልትሄድ ስትል ይዛት ሄዳ፣ «አባ፣ ለትምህርት ትሄዳለች። ከማይጾም ሰው ጋር ተቀምጣ የነቢያትን ጾም እንዳትሽር ይገዝቱልኝ» አለች። አባም ተማሪ ተቀምጦ ነው የሚውል፣ ምን ይከብደዋል ብለው፣ መስቀላቸውን ራሷ ላይ አድርገው፣ «ጾሙ ገብቶ እስኪፈታ ሥጋ ቅቤ ብትቀምሺ፣ ከዘጠኝ ሰዓትም በፊት እህል ብታስገቢ፣ ገዝቼሻለሁ» አሏት። ስጦታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። አረጋሽ እግሯን ረገጠቻት። ልጅቱ አፏን ገጠመች።

አሁን እንግዲህ ጾሙ ገብቷል።

ስጦታ በየቅዳሜው፣ እኛ ምሳ ስንል እነሱ ለመነሣት ዕቃቸውን ሲያስሩ፣ በሳተላይት ስልክ ትደውላለች። ድምፁ እየዘገየ ነው የሚደርሰው፤ ጠይቀሽ ዝም ማለት አለብሽ። ዝም ማለት ደግሞ ለአረጋሽ አልተፈጠረላትም። ስለዚህ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይናገሩና አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ያን ቅዳሜ ስልኩ ሲጠራ አረጋሽ ደጅ ላይ ጌሾ ታሰጣ ነበር።

«እማ፣ እንዴት ነሽ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! ድምፅሽ ምን ሆነ? ጉንፋን ነው?»

«አይደለም። ደክሞኝ ነው።»

«ሥራ ያደክማል። ትበያለሽ ወይ?»

መልሱ ቆየ። «በሶው አልቋል፣ እማ። ቆሎውም እያለቀ ነው። እነሱ ቅቤውን እንደ ዳቦ እየገመጡ ነው የሚሄዱት። አይብ፣ ቋሊማ፣ የደረቀ ሥጋ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጀርባዬን አዙሬ እቆማለሁ። ከዚያ ለውዝና በውሃ የተበጠበጠ አጃ እበላለሁ። አይበቃም። ትላንት እየሄድኩ ወደቅሁ። ጣቶቼ ነጭ ሆነው አልሞቅ አሉኝ።»

«ረጅሟ ምን አለች?»

«ነገርኳት። አልተቆጣችም። ግን እስከሚመጣው ቅዳሜ ቅቤ ካልበላሽ አይሮፕላን ጠርቼ አሳፍርሻለሁ፣ ሬሳ እየጎተትኩ ዋልታ አልገባም አለች።»

«ታዲያ ብይ!»

«ግዝት አለብኝ እኮ! አንቺ ነሽ ያስገዘትሽኝ። አባ ከፈቱኝ እበላለሁ። ካልፈቱኝ እመጣለሁ። ደግሞ...» ድምፁ ተቆራረጠ። «ደግሞ ሴቶቹ ዕቃዬን ተካፈሉት። የኔን ጭነት አምስቱም በየገበቴያቸው አድርገውታል። እኔ ባዶ ነው የምስበው።»

ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

አረጋሽ ጌሾዋን ትታ ደጅ ላይ ተቀመጠች። «እሰይ» አለች ብቻዋን። አይሮፕላን ይመጣል። አሳፍሮ ይመልሳታል። ጣቷም ሳይቆረጥ፣ እሷም ሳትሞት፣ ደባርቅ ትገባለች። ትምህርቷን ጨረሰች ይባላል። ምንም አላደርግም፤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ አለች። ዝም ብላ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ተነሣች። ጌሾውን ገለበጠች፤ ያልደረቀውን ሰበሰበች፤ መልሳ አሰጣች። ማምሻውን ወደ አባ ቤት ልሂድ ብላ ነጠላዋን አነሣችና መልሳ ሰቀለች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠየቀች። አባ መልከ ጼዴቅ የሉም። በዓታን ሊያከብሩ ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ከሳንቃ በር ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። የሚመለሱትም ከበዓሉ በኋላ ነው። በዓሉ ደግሞ ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ሰበብ ተገኘ! ሰውየው የሉም፤ እኔ ምን ላድርግ? ልቧን ሰላም ሁን አለችው። ሰላሙ ድስቱ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈችው ጎረቤት ያውቃል። ወደ ገበያ ትወጣለች፣ ምንም ሳትገዛ ትመለሳለች። መናኸሪያ ሄዳ ከጎንደር የሚገባውን አውቶቡስ ቆማ ታያለች፤ የምትጠብቀው ሰው የለም። ባለ ባጃጁ «እማማ፣ ልውሰድዎት?» ሲላት «የት?» ብላ ትጮኽበታለች፤ እሱ ምን ያውቃል! ደጇን በቀን ሦስቴ ትጠርጋለች። ልጄ ትምጣልኝ ብላ ስታስብ ልቧ ይሞቃል። ወዲያው ደግሞ አምስት የማታውቃቸው ሴቶች ጎንበስ ብለው የስጦታን ጭነት ሲከፋፈሉ ይታዩዋታል። አንዷ ድንኳኗን፣ አንዷ ነዳጇን፣ አንዷ ብርድ ልብሷን። የሷን ልጅ ጭነት! ሰው የልጄን ዕቃ አዘለ። ሰው የአረጋሽን ልጅ ጫነላት። ልጅቱ ከኋላ ከኋላ ባዶ ገበቴ እየሳበች፣ እንደ ታመመች በቅሎ!

ዓርብ ጧት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሯን ቆልፋ፣ አሸዋ ሊያወርድ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ አይሱዙ ላይ ጋቢና ገባች። ሾፌሩ ወዴት ነሽ ሲላት «ወደፊት» አለችው።

ቅዳሜ ማለዳ አመዳዩ ከጓሳው ሣር ላይ ገና ሳይረግፍ፣ ላቀው በቅሎ ጭኖ አስቀመጣትና ልጓሙን ይዞ ፊት ፊት ሄደ። ጉዳዩን ማምሻውን ነግራዋለች። ሙሉውን አይደለም፤ «ለአባ የምነግራቸው ነገር አለ፤ ከምሳ በፊት መድረስ አለብኝ» ብቻ ነው ያለችው። ላቀው ግን ሞኝ አይደለም።

«እትዬ፣ ልጅቱ ጎማውን እስከ ዋልታ ልትስበው ነው የሄደችው አይደል?»

«ልጓምህን ያዝ።»

«ይዣለሁ። ያን ጊዜ ውሸታም አልሽኝ።»

«አሁንም ውሸታም ነህ። ጎማ አይደለም፣ ገበቴ ነው።»

ላቀው ሳቀ። ሲስቅ በቅሎዋ ደነበረች፣ አረጋሽም ኮርቻውን ጨመደደችና ሰደበችው። ትንሽ እንደሄዱ ዞር ብሎ፣ «እኔስ የገረመኝ» አለ፣ «ማታ ጎማውን ፈትታ ስትቀመጥ ፊቷ ላይ ድካም አልነበረም። በሬ ሲፈታ እንኳ ይተኛል። እሷ ‹ነገ ሁለት አደርገዋለሁ› ትለኛለች።»

ሰማይ የሚያህሉ የጅብራ ተክሎች የተሰለፉበት የተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ላቀው በቅሎዋን አቆመ።

«ስልክሽ እስከዚህ ነው የሚሠራ። ከዚህ ቁልቁል ድንጋይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ ያቻትልሽ፣ ከታች።»

አረጋሽ ስልኳን አየች፤ ወደ ታች ቤተ ክርስቲያኗን የከበበውን የጽድ ዛፍ አየች። ስልኩ እዚህ ነው፣ ቄሱ እዚያ ናቸው። «ታዲያ ምን ትገትረኛለህ? ንዳት!» አለች።

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ጽዱ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይዞራል። አባ መልከ ጼዴቅ ከመካከል፣ አንድ እግራቸውን በድንጋይ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሴቶቹ መካከል ደግሞ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? የሺወርቅ! የደባርቋ ጎረቤቷ፣ ስለት ልታገባ የመጣች። ልጇ በእውነት ዩኒቨርሲቲ የገባላት፣ ሰውነቷ እንደ ጎተራ፣ ወሬዋ እንደ ወፍጮ።

«ኧረ አረጋሽ! የበረዶዋ ተማሪ እናት! በምን እግርሽ ወጣሽው?»

«በበቅሎ እግር። አንቺንስ ምን ተሸከመሽ?» አለቻትና አልፋ ከአባ ፊት ወድቃ መስቀል ተሳለመች። «አባ፣ ይፍቱኝ። ለብቻ የምነግርዎት አለኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጉልበቴ አላነሣ ብሎኛል፤ እዚሁ ተናገሪ።»

«ሰው አለ።»

«ሰው ምን ያደርግሻል? ሰው እንደማትፈሪ አውቃለሁ።»

አረጋሽ ወደ ጅብራው ወገብ ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ ወደ መሐል ሰማይ እየተጠጋች ነው። «የስጦታ ግዝት ይነሣላት። ምግቡ አልስማማትም።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለተማሪ ምን ይከብደዋል? ተቀምጣ ነው የምትውል። ትንሽ ትታገሥ፤ ገና ቀርቧል።»

«ደክማለች፣ አባ።»

«ማንበብ ያደክማል። ደብተራው ሁሉ እየጾመ አይደለም ወይ የተማረ?»

«የኔም ልጅ እየጾመ ነው የሚማር» አለች የሺወርቅ ከጎን፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አረጋሽ ያን ጊዜ ያሰበችውን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ተመልሳ በቅሎዋ ላይ ብትወጣስ? ለምኛለሁ፣ እምቢ አሉኝ ትላለች። አይሮፕላኑ ይመጣል። ልጅቱ ትመጣለች። ውሸቱም አይገለጥም። ሁሉም ነገር በእጇ ላይ ተከምሮ ተቀምጧል፤ መነሣት ብቻ ነው። ተነሣችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«ተማሪ አይደለችም!» አለች፣ ጠላ የሚቀዳው ሁሉ እስኪዞር። «ገበቴ ትጎትታለች! ወገቧን በጠፍር ታስራ፣ በበረዶ ላይ፣ እስከ ምድር ጫፍ። ትምህርት ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። ደባርቅን በሙሉ ዋሽቼ ነው። አንቺንም ዋሽቼሻለሁ፣ የሺወርቅ፤ በይ አሁን ጠግበሽ ሳቂ።»

የሺወርቅ ዳቦው አፏ ውስጥ ነበር። አልሳቀችም፤ ከገረመው ሰው መካከል አንድ ሽማግሌ ነው «ጠመደቻት?» ያለው። ሌላው «ዝም በል!» አለው።

አባ መልከ ጼዴቅ ፊታቸው ጠቆረ። «ደባርቅን ተይው። ደባርቅ ውሸት ለምዷል። እኔን ግን በመስቀሌ ሥር ዋሽተሽ ልጅቱን በግዝት አሳሰርሽኝ። መንገደኛና ሕመምተኛ እንደ አቅሙ ነው የሚጾም። መጽሐፉ አልጨከነም፤ የጨከንሽው አንቺ ነሽ። ልጅቱ ይኸን ሥራ እየሠራች ነው ሳትበላ የምትውል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ቅቤም አትነካም።»

«ብርዱስ?»

«የሳንቃ በር ውርጭ እዚያ እንደ ምድጃ ዳር ነው አለችኝ። ጀምበሯም አትጠልቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዙሪያውን ትዞራለች እንጂ አትወርድም። ሌሊት የለም። ሰው ጥላውን እንደ ጅራት አስረዝሞ ሲጎትት ይውላል አለችኝ።»

አባ ቀና አሉ። «ጥላው ሁልጊዜ ረጅም ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ከቁመቷ ይበልጣል?»

«ከቁመቷ እጥፍ አለችኝ፤ ምነው፣ ስልኳ እንዳያመልጠን አባ...»

አባ ግን ወደ ዲያቆኑ ዞረዋል። ድሮ ሰዓት ሳይኖር ዘጠኝ ሰዓትን በጥላ ነበር የሚለኩት፤ ቆመሽ ጥላሽን በእግርሽ ትሰፍሪዋለሽ፣ ጥላሽ ረዝሞ ልኩ ሲደርስ ይቀደሳል። እሳቸውም እስካሁን ስልክ ከማየት ጥላ መስፈር ይወዳሉ። «ትሰማለህ? በእኛ ስፍር ከሆነ እዚያ አገር ዘጠኝ ሰዓት ያላለፈበት ጊዜ የለም! ልጅቱ ቀኑን ሙሉ መብላት ትችል ነበር!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ካህኑም ምእመኑም ሳቀ። አረጋሽ ብቻ አልሳቀችም።

«ቅቤውስ?» አለች።

«ቅቤው ግዝት ነው። የታሰረ ባሰረው አፍ ነው የሚፈታ፤ በጆሮዋ መስማት አለባት። ስልክ አምጪ።»

«ስልኩ እላይ ነው የሚሠራ። እጅብራው ዘንድ።»

አባ ጉልበታቸውን አዩ፣ ዳገቱን አዩ። «ላቀው፣ በቅሎህን አቅርብ» አሉ።

አረጋሽ አልጠበቀችም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ዳገቱን ቀደመች። ደረቷ ፉጨት እስኪያወጣ ወጣች። ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን መንቀል ትተው መንገድ ለቀቁላት። ጅብራው ሥር ስትደርስ ዞራ ብታይ በቅሎዋ ገና ከታች ናት፤ አባ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያወዛወዘቻቸው፤ ከኋላ ደግሞ ሕዝቡ! ጠላውን ትቶ ተነሥቷል፤ የሺወርቅም ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን ተያይዛዋለች።

ስልኩ ጠራ።

አረጋሽ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ይንቀጠቀጣል። ውርደቱ አልፏል፤ ተናግራዋለች፣ ማንም ከዚህ በላይ ሊያዋርዳት አይችልም። የቀረው ልጇን መፈለጓ ብቻ ነው። ባታነሣው ረጅሟ አይሮፕላኑን ትጠራለች። ባታነሣው ልጅቱ በዚህ ወር ውስጥ ደጇ ላይ ናት፤ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ጣቶቿን በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፍላታለች። ኔትወርክ ጠፋ ቢባል የማያምን ሰው በዚህ አገር የለም። ስልኩ እየጠራ ነው። አባ ገና ሩቅ ናቸው። አረጋሽ ለራሷ በማይሰማ ድምፅ አንድ ስድብ ተሳደበች፤ ማንን እንደሰደበች አይታወቅም። አነሣችው።

«እማ! ረጅሟ አጠገቤ ቆማለች። ስልኩን ለአይሮፕላኑ ትፈልገዋለች።»

«ትጠብቅ! ቆሞ መጠበቅ ካልቻለች ያ ሁሉ ቁመት ለምኗ ነው?»

«አባን አገኘሻቸው?»

«እየመጡ ነው። እንዳትዘጊ። ላቀው! በቅሎዋን ምታት እንጂ፣ ሙሽራ ነው የምትነዳ?»

አባ መልከ ጼዴቅ ከበቅሎዋ ሲወርዱ ጉልበታቸው ተሰበረና ላቀው ትከሻ ላይ ተደገፉ። በግራ እጃቸው ስልኩን ያዙ፣ በቀኛቸው መስቀላቸውን አወጡ። «ደቡብ በየት በኩል ነው?» አሉ። ላቀው በዳባት በኩል አሳያቸው። መስቀሉን ወደ ዳባት አነሡት።

«ልጄ ስጦታ፣ ትሰሚኛለሽ ወይ?»

ነፋሱ ይሰማል። የዚህ ይሁን የዚያ አይለይም። «እሰማዎታለሁ፣ አባ። ይፍቱኝ።»

«ያን ዕለት አንድ ነገር ልትዪ አፍሽን ከፍተሽ ነበር። ምን ልትዪ ነበር?»

ቆየ። «ሥራውን ልነግርዎት ነበር።»

«ለምን ተውሽው?»

«እማ እግሬን ረገጠችኝ።»

አባ አረጋሽን አዩዋት። አረጋሽ ዝንጀሮ ታያለች።

«በይ እንግዲህ፣ ባሰርኩበት አፍ ፈትቼሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ከግዝት ይፍታሽ፣ ከብርድ ይሰውርሽ። ቅቤውንም ብይ፣ ሥጋውንም ብይ። ስትመለሺ የጾሙን ነገር እኔና አንቺ እንነጋገርበታለን። አሁን እናትሽ ስልኩን ከእጄ ልትነጥቀኝ ነው።»

ነጠቀቻቸው። «ሰማሽ? ብይ!»

አረጋሽ ለሳተላይቱ መዘግየት አፏን ይዛ ጠበቀች።

«እማ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺ ትወጃለሽ? እንድሄድበት። ስወጣ አልመረቅሽኝም። አባ ፈቱኝ፤ አንቺ ነይ ብትዪኝ ግን ዛሬ በአይሮፕላኑ እመጣለሁ።»

ሕዝቡ ደርሶ ዙሪያውን ቆሟል። የሚያለከልከው ያለከልካል። አረጋሽ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ነይ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ እንደ ትኩስ ድንች አገላበጠችው።

«ስሚ» አለች። «መጀመሪያ ትበያለሽ። ስትጠነክሪ ዕቃሽን ከሴቶቹ ላይ ታነሻለሽ። ድንኳንሽንም፣ ነዳጅሽንም፣ ሁሉንም። የኔ ልጅ ጭነት በሰው ገበቴ አይሄድም። ከዚያ ያን ዋልታ የሚሉትን ረግጠሽ ነው የምትመጪ። ሳትረግጪ ብትመጪ በሩን አልከፍትልሽም። መርቄሻለሁ። ይኸው ነው ምርቃቴ፤ ሌላ አላውቅም።»

በዚያ በኩል አንድ ነገር ጠጠር ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰጠ። ደግሞ ሰጠ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቅቤው ነው» አለች ስጦታ በሞላ አፏ። «እንደ ድንጋይ ነው፣ እማ። ጥርሴን ሊሰብረው ነው።»

አረጋሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ልጇ ስታኝክ ሰማች። ከጎን የረጅሟ ድምፅ መጣ፤ ምን እንዳለች አይገባም፤ ከዚያ የሴቶች ሳቅ፣ የብረት ድምፅ፣ የጠፍር ድምፅ።

«ረጅሟ ምን አለች?»

«ስልኩን ዝጊና እንሂድ አለች። አይሮፕላን አልተጠራም። ቅቤዬን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። እማ፣ ቅዳሜ...»

ተቋረጠ።

አረጋሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ነፋሱ ነው፣ ማንም እንዳይሳሳት። ዞር ስትል የሺወርቅ ጉልበቷን ይዛ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቆማለች።

«ምን ያህል ይመዝናል?» አለች የሺወርቅ። አልቀለደችም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ምኑ?»

«ገበቴው ነዋ! ልጅቱ የምትስበው።»

አረጋሽ ከራሷ እስከ እግሯ አየቻት። ሰውም አብሮ አያት።

«ሲሞላ አንቺን ያህላል» አለች። «አንቺን አስቀምጦ፣ መሶብሽን ጭኖ፣ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ እንደ መግባት በይው። በዳገቱም ሳትወርጅ።»

ሕዝቡ ፈነዳ። አባም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ለአረጋሽ ቀኖናዋን ገና አልሰጧትም፣ ከሳቃቸው በኋላ ሊሰጧት ነው። የሺወርቅ ራሷ እየሳቀች ጓሳው ላይ ተዘረፈጠች። «ተቀመጪ እንግዲህ፣ ዕረፊ» አለቻት ቦታ እያመቻቸች። አረጋሽ ግን አልተቀመጠችም። ጅብራውን ዞረችው፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ አየች፣ ዝቅ አድርጋ አየች፣ ደግሞ ዞረችው። ልጅቱ አሁን እየሄደች ነው።